ኩሽኔታና ዲስክ ተለያይተው አይታከሙም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስክ ሥራ ከጎሃ ጽዮን ተነሥተን የአባይን ሸለቆ ስንወርድ፣ የተሳፈርንባት አሮጌ ፒካፕ ከፊት ግራ ጎማዋ አካባቢ ታጉረመርም ነበር። ድምፁ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ይበረታል፤ ወደ ግራ ስንታጠፍ ይለዝባል። ሾፌሩ መጀመሪያ «የጎማው ጥርስ ነው» አለን፤ ቀጥሎም ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። ድልድዩ አጠገብ ቆመን ስንወርድ ግን ማንም ሊክደው የማይችል የተቃጠለ ሽታ ተቀበለን። ግራሶው ቀልጦ በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ ተረጭቷል፤ የጎማውን እምብርት መንካት ቀርቶ እጅን ማስጠጋት እንኳ አስቸጋሪ ነበር። ሾፌሩን ያናደደው ግን ሙቀቱ አልነበረም። «ኩሽኔታው ከተቀየረ ገና ወሩ ነው!» አለ።

መኪናዋ በኋላ ጋራዥ ገብታ ስትፈታ ምክንያቱ ታየ። አዲሱ ኩሽኔታ በአሮጌው የውጭ ቀለበት ውስጥ ተቀምጧል፤ የፍሬኑ ዲስክም እጅግ ሳስቶና ተቦርቡሮ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ሆኖ ተገኘ። እኔም በመገረም «ጋሼ፣ ኩሽኔታው ሲቀየር ዲስኩ ለምን አልታየም?» ብዬ አንድ አንጋፋ መካኒክን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ጤና አያገኝም። ባለ መኪናው ግን የሚከፍለው ለአንዱ ብቻ ነው» አሉኝ።

እኚህ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩትን እኛ በክፍል ውስጥ በሦስት የተለያዩ ኮርሶች እናስተምረዋለን፤ ሆኖም ሦስቱ በአንድ ጎማ ላይ መገናኘታቸውን ለተማሪው አናሳየውም። በእኔ እምነት በአሮጌ የጭነትና የመስክ መኪኖች ላይ ኩሽኔታን ከዲስክ ነጥሎ መቀየር ቁጠባ የሚመስል ኪሳራ ነው። ይህንንም ማስረዳት የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ተማሪውም ድርሻ ነው።

አንዱ ችግር የቋንቋ ይመስለኛል። የጋራዡ ቋንቋ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ግራሶ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ እያለ ይሄዳል። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህም በፈተና ወረቀት ላይ ስለ «ቴፐርድ ሮለር ቤሪንግ» አሳምሮ የሚጽፍ ተማሪ፣ ያው ዕቃ በግራሶ ተለውሶ እጁ ላይ ሲቀመጥለት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ይህንን በዓይኔ አይቼ ስቄአለሁ፤ ከዚያም ያስተማርኩት እኔ መሆኔን አስታውሼ ሳቄ ቆመ።

እስቲ ዕቃውን እንመልከተው። ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩትን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዱትን የቶዮታ ሃይሉክስ መኪኖች ነው። በእነዚህ መኪኖች የፊት ጎማ የሚዞረው በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ። ኩሽኔታዎቹ ኳስ የላቸውም፤ በአንድ ጫፋቸው የሚቀጥኑ አጫጭር በርሜሎች እንጂ። ሄንሪ ቲምከን የተባለው አሜሪካዊ የሠረገላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1898 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ ቅርጽ ጥበቡ ግልጽ ነው፦ ሠረገላ ሲታጠፍ ጎማውን ወደ ታች ከሚጫነው ክብደት ሌላ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ይመጣል፤ ሰያፍ የሆኑት በርሜሎች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሸከማሉ። መኪናችን ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የግራው ጎማ ድምፅ የበረታውም ጭነቱ ወደ ግራ ስለተዛወረ ነበር። ሾፌሩ ራዲዮኑን ከፍ ባያደርግ ኖሮ ኩሽኔታው ራሱ የትኛው ወገን እንደታመመ ይነግረው ነበር።

በእነዚህ መኪኖች ዲስኩ በጎማው እምብርት ጀርባ በቡሎን ታስሯል። ስለዚህ ዲስኩን ለመቀየር እምብርቱ መውጣት አለበት፤ እምብርቱ ሲወጣ ደግሞ ኩሽኔታዎቹ አብረው ይወጣሉ። ሠሪው ሁለቱን አብረን እንድናይ ያስገደደን ያህል ነው።

አሁን ወደ አባይ ሸለቆ እንመለስ። ከነጭነቷ 2,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ወደ ታች ትወርዳለች። እምቅ ጉልበቷን ማስላት የአሥረኛ ክፍል ሥራ ነው፤ 2,500 በ9.8 በ1,400 ሲባዛ 34 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። ይህ 100 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄደውን ይህችኑ መኪና 100 ጊዜ ፈጽሞ እንደማቆም ይቆጠራል። የወረዳው ርዝመት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በየ200 ሜትሩ አንድ ጊዜ ማቆም ማለት ነው።

ይህ ጉልበት የት ይሄዳል? ጥቂቱን ጎማዎቹና አየሩ ይወስዱታል። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይውጠዋል። በነጻ ማርሽ ወይም በከፍተኛ ማርሽ ከወረደ ግን የቀረው ሁሉ የፍሬን ዕዳ ነው፤ በፍሬን ጊዜ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ደግሞ የዕዳው ትልቁ ድርሻ በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ዲስኮች በድምሩ 16 ኪሎ ግራም ብረት ናቸው እንበል። ሙቀቱ በሙሉ በውስጣቸው ቢቀር መጠነ ሙቀታቸው ከ4,000 ዲግሪ በላይ ይወጣ ነበር፤ ብረቱ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በ1,200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ ዲስክ ሙቀትን የሚያከማች ሳይሆን ተቀብሎ ለአየር የሚያስረክብ ዕቃ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ደግሞ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ከአምስት አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። በቆላ አገር የተፈተነ ፍሬን በደጋችን ላይ ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን የባልና ሚስቱ ነገር ይገባናል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት አንሶታል፤ ስለዚህ ቶሎ ይግላል። ግለቱ በታሰረበት እምብርት በኩል ወደ ኩሽኔታው ይተላለፋል። የተለመደው የሊቲየም ግራሶ በ180 ዲግሪ አካባቢ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ከዚያም በዘይት መከላከያው ላስቲክ በኩል ይወጣል፤ ኩሽኔታው ደርቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። ይህ አንዱ መንገድ ነው። በተቃራኒውም ይሠራል። የላላ ኩሽኔታ እምብርቱን ያወዛውዛል፤ እምብርቱ ሲወዛወዝ ዲስኩም በየዙሩ አንድ ጊዜ ሸራውን ይነካል፤ ያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ እየተበላ ይሳሳል። ከዚህ በኋላ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙዎች «ዲስኩ ጠመመ» ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ አልጠመመም፤ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑ ቀረ እንጂ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ዲስክ ብቻ ማሰር ገንዘብን ወንዝ ላይ መጣል ነው።

ወንዝ ካልን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከረጅም ወረዳ በኋላ መኪናን ወንዝ ውስጥ አቁሞ ማጠብ የተለመደ ነው። በጋለው እምብርት ውስጥ የተያዘው አየር ከ90 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ በድንገት ሲወርድ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ እምብርቱም እንደ መርፌ ቱቦ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ግማሽ ሰዓት መታገሥ ይህንን ያስቀራል።

ስለ አሠራሩ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ በአንዳንዱ ላይ አቋሜን ልግለጽ። የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ከእምብርቱ ውስጥ በመዶሻና በነሐስ ዘንግ ተመትቶ መውጣት ስላለበት አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ይተዋል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በርሜሎቹና ቀለበቱ አብረው የተዘጋጁ ናቸው፤ በአሮጌው ቀለበት ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠባሳ አዲሶቹን በርሜሎች በየዙሩ ይመታቸዋል። አዲስ ቀለበት ሲገባም ምቱ ቀለበቱ ላይ እንጂ በርሜሎቹ ላይ ማረፍ የለበትም፤ አለዚያ ጠባሳውን በገዛ እጃችን እንሠራዋለን።

ዲስክን ቶርኖ ቤት አስወስዶ ማስላጥ እንደ ሁኔታው ነው። በብዙ ዲስኮች ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጾ ይገኛል። አዲስ ሳለ 20 ሚሊ ሜትር የነበረና 18 ሲደርስ መጣል ያለበት ዲስክ ብንወስድ፣ ሰው «የጎደለው ከመቶ አሥር ብቻ ነው» ይላል። ሆኖም ዲስኩ በመካከሉ የአየር መተላለፊያ ክፍተት አለው። ክፍተቱ ለምሳሌ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ብረቱ 12 ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጠፋው አንድ ስድስተኛ ነው። ተልጦ ከወሰኑ በታች የሚወርድ ከሆነ መላጡ ከንቱ ድካም ነው።

ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየር ወይስ የታመመው ብቻ? ዲስክና ሸራ ሁልጊዜ በጥንድ መቀየር አለባቸው፤ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎተታለች። ለኩሽኔታ ግን ይህን ያህል አልጨክንም። ጤነኛው ወገን ይፈታ፣ ይታጠብ፣ በብርሃን ይመርመር፤ ንጹሕ ከሆነ አዲስ ግራሶና አዲስ የዘይት መከላከያ ተደርጎለት ይመለስ። ስሙ ደብዛዛ ሆኖ የታተመበትን፣ ዋጋው ከሚገባው በታች የሆነ አስመሳይ ኩሽኔታ ገዝቶ ከማሰር የታጠበ ነባር ኩሽኔታ እመርጣለሁ።

«ኩሽኔታ ስንት ዓመት ይቆያል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጭነቱ ላይ ነው። በመሐንዲሶች ስሌት የባለ በርሜል ኩሽኔታ ዕድሜ ከጭነቱ ጋር በተገላቢጦሽ፣ ሦስት ነጥብ ሦስት በሆነ ርቢ ይቀንሳል። ጭነቱ በ20 በመቶ ቢጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ እጥፍ ቢሆን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። «አምስት ኩንታል ብትጨምር ምን ትሆናለች?» ለሚል ጫኝ መልሱ ይኸውልህ።

«ይህ ሁሉ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የእርምጃዎቹ ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ አስቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና በአንድ ሌሊት አይጠፋም፤ ገጠሩን ከከተማ፣ በሽተኛውን ከሐኪም የሚያገናኘው እርሱ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውም ቢሆን ኩሽኔታና ዲስክ አለው፤ በባትሪው ምክንያት ክብደቱ እንዲያውም ይበልጣል። የእነዚህ መኪኖች ደኅንነት በግምት የሚሠራ ከሆነ፣ ግምቱን በልኬት መተካት የማን ሥራ ነው?

ልኬቱም ሩቅ አይደለም። ኩሽኔታዎቹ በግራሶ ከተሞሉና እምብርቱ ከነዲስኩ ከተመለሰ በኋላ ዳዶው ይጠብቃል፤ በብዙ የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት መሠረት መጀመሪያ 60 ኒውተን ሜትር ገደማ ድረስ። እምብርቱ በርሜሎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ወዲያና ወዲህ ይሽከረከራል፤ ዳዶው ይላላል፤ እንደገና ቀለል ተደርጎ ይጠብቃል። አሁን ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? በጋራዡ መልስ «በእጄ ይሰማኛል» ነው፤ የአንጋፋው መካኒክ እጅም በእርግጥ ይሰማዋል። መጽሐፉ ግን ስፕሪንግ ባላንስ በአንዱ የጎማ ቡሎን ላይ አንጠልጥላችሁ ሳቡ፣ እምብርቱ መዞር ሲጀምር የሚታየውን ንባብ ከተሰጠው ልክ ጋር አስተያዩ ይላል። ይህ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ የጠጣው፣ የእንጨት ቁራጭ ስንጎትትበት የኖርነው መሣሪያ ነው። ለሰበቃ ትምህርት የእንጨቱን ቁራጭ ትተን አንድ አሮጌ የጎማ እምብርት ከነኩሽኔታው ጠረጴዛው ላይ ብናስቀምጥ፣ ተማሪው ዳዶውን ሩብ ዙር ባጠበቀ ቁጥር ንባቡ እንዴት እንደሚዘል በዓይኑ ያያል። ዲስኩም በእምብርቱ ላይ ታስሮ ሲዞር መወዛወዙ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የደብተር ወረቀት ውፍረት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሁለቱ መካከል ሳይጠረግ የቀረው ዝገት ነው።

የእኛዋ ፒካፕ በአንጋፋው መካኒክ እጅ ሁለት አዲስ ዲስኮች፣ አዲስ ሸራዎችና በግራ በኩል ከነቀለበታቸው ሁለት አዲስ ኩሽኔታዎች ታሰሩላት። እሳቸውም አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ተመለሱና፣ ከመኪናዋ ወርደው የግራውንም የቀኙንም እምብርት በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሁለቱም ለብ ያሉ ነበሩ። «ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ አምጣትና ዳዶውን እናየዋለን» አሉት ሾፌሩን። ሾፌሩ በቀጠሮው መጣ፤ በዚያን ጊዜ ራዲዮኑ ጠፍቶ ነበር።