ለሕፃናት ስለሚሰጥ ቫይታሚንና ፍሎራይድ፤ ስለ ልኩና ስለ ቦታው

ለሕፃን ጤና ተብሎ የሚሰጥ ጠብታም ሆነ እንክብል፣ ከወላጅ ፍቅርና ከቅን አሳብ የመነጨ ቢሆንም፣ ደግነቱ ወይም ክፋቱ የሚለየው ልጁ ከሚጠጣው ውሃ፣ ከሚበላው ምግብና ከሚያገኘው ፀሐይ አስቀድሞ በተቀበለው መጠን ነው፤ እኔም በዚህ መጣጥፍ ላስረዳ የምወደው፣ ያለፈውን ሳይቆጥሩ አዲስ መጨመር በሕፃን ሥጋ ላይ ፍርድን ያለ ምስክር እንደ መስጠት መሆኑን ነው።

ይህን ነገር ከፍሎራይድ የበለጠ አጉልቶ የሚያሳይ አላገኘሁም። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራውን ሲጀምር፣ በዚያ ተወልደው ያደጉት ሰዎች ጥርሳቸው በልዞ፣ ነገር ግን በመበስበስና በመቦርቦር እምብዛም የማይጎዳ ሆኖ አገኘው፤ የዚህም ሁሉ ምክንያት በመጠጥ ውሃው ውስጥ የሟሟ ፍሎራይድ መሆኑ የተገለጠው ከ30 ዓመት ምርምር በኋላ በ1931 ነበር። ከዚያ ወዲያ ትሬንድሊ ዲን የተባለ ተመራማሪ ጥርስን ሳያበልዝ ከመበስበስ የሚጠብቀው ልክ በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 1 ሚሊግራም የሚጠጋ መሆኑን አረጋገጠ፤ የዚያው አገር የግራንድ ራፒድስ ከተማም በ1945 ፍሎራይድን በልክ በውሃዋ ላይ በመጨመር የመጀመሪያይቱ ሆነች። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ልክ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 0.7 ሚሊግራም ዝቅ ያደረገው፣ ሕፃናት ፍሎራይድን ከጥርስ ሳሙና፣ ከምግብና ከሌላም መጠጥ ስለሚያገኙ፣ ከውሃው የሚመጣው ድርሻ መቀነስ ስላለበት ነው።

በዚያው አገር በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው የፍሎራይድ ጠብታና እንክብል ሥርዓቱ በዚህ አሳብ ላይ የቆመ ነው። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን አይታዘዝም፤ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላለው፣ የጥርስ መበስበስ እጅግ የሚያሰጋው ከሆነና የሚጠጣው ውሃ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ያነሰ ከሆነ ብቻ፣ በቀን 0.25 ሚሊግራም ሲሰጥ ኖሯል፤ ውሃው ከ0.6 ካለፈ ግን በማናቸውም ዕድሜ ላለ ልጅ አንዳች አይጨመርም። ስለዚህ በባሕር ማዶ ከጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ቤተሰብ ውሃውን ሳያስመረምር ጠብታውን ሊቀበል አይገባውም።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆአችን እንመለስ። እሳተ ገሞራ ከወለዳቸው ዐለቶች መካከል የሚፈልቀው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድን በብዛት ይዞ ይወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ጣራ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ የተገኘው ከ10 ሚሊግራም በላይ ነበር። በዚያ ያደጉ ልጆች ጥርስ መበለዝ የማንም ዐይን የሚያየው ሲሆን፣ እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ያጠኑት ደዌ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ለብዙ ዘመን ያንን ውሃ የጠጣ ሰው አጥንቱ ደድሮ፣ አንገቱንና ወገቡን ማጠፍ ተስኖት፣ በመጨረሻም ሕብለ ሰረሰሩ ተጨቁኖ እግሩ እስከ መዛል ይደርሳል። የቋሚ ጥርስ ቀለም የሚበላሸው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ፣ ማለት እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በኋላ የሚደረግ መፋቅ አይመልሰውም፤ ውሃውን ማፍላትም ተኑ ሲወጣ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይበልጥ ያከረዋል እንጂ አያጠራውም። ለስምጥ ሸለቆው ልጅ የሚያስፈልገው በአጥንት ከሰል የተጣራ ወይም ከሌላ ምንጭ የተሳበ ውሃ ነው፤ በዘመድ ሻንጣ ከባሕር ማዶ የመጣ ፍሎራይድ ያለበት ጠብታ በደዌው ላይ ደዌ ይጨምርበታል።

ይሁን እንጂ የአገርን ሀብት የልጅ ሀብት አድርጎ መቁጠርም ስሕተት ነው፤ ይህን የሚያስተምረን ቫይታሚን ዲ ነው። ፀሐይ እንደ ልብ በምትወጣበት አገራችን፣ ከዐይነ ጥላና ከብርድ ይጠበቅ ተብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጓዳ የሚያድግ ሕፃን አጥንቱ ይልፈሰፈሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመው የእነ ዶክተር ሉሉ ሙሄ ጥናት በአዲስ አበባ በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ካልታመሙ 500 ጋር ቢያነጻጽር፣ የአጥንት መልፈስፈስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከሌላው 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ፀሐይዋ ውጭ ነበረች፤ ልጁ ግን ቤት ውስጥ ነበረ። በስቶክሆልም ወይም በሚኒሶታ ክረምት የሚያድገው፣ በጡት ብቻ የሚመገብ የሐበሻ ልጅ ደግሞ በቀን 400 ዓለም አቀፍ አሃድ ያስፈልገዋል፤ እርሱም ከጠርሙሱ ጋር በመጣው መስፈሪያ ብቻ ይለካ፤ አንዱ ጠርሙስ ያንን መጠን በአንድ ጠብታ፣ ሌላው በ1 ሚሊሊትር ይይዛልና።

መብዛቱስ ምን ያመጣል ለሚል የብሪታንያን ታሪክ አቀርባለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የዚያ አገር መንግሥት ልጆቹ አጥንታቸው እንዳይጣመም በማሰብ የዱቄቱ ወተት በቫይታሚን ዲ እንዲበለጽግ አደረገ፤ የገንፎው ዱቄትም በለጸገ፤ የዓሣ ጉበት ዘይትም ታደለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን ሦስቱን በአንድ ልጅ አፍ ውስጥ አንድ ላይ የቆጠረ አልነበረም፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ምግብ እምቢ የሚሉ፣ የሚያስመልሱ፣ በደማቸው ካልሲየም የበዛባቸው ሕፃናት ወደ ሐኪም ቤት መጡ፤ ከዚያ በኋላም መጠኑ እንዲቀነስ ተደረገ። ይህ የቸልተኞች ጥፋት ስላይደለ ልቤን ይበልጥ ይነካዋል፤ በጎ አድራጊዎች ሁሉ አንዱ የሌላውን ስጦታ ሳይጠይቁ የፈጸሙት ነው።

ሲበዛ የሚያሰጋው ቫይታሚን ዲ ብቻ አይደለም፤ ቫይታሚን ኤ ደግሞ በጉበት ይከማቻል። ዳፍንትንና ዕውርነትን ለመከላከል በጤና ጣቢያ የሚሰጠው እንክብል፣ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ላለ 200,000 አሃድ ሆኖ በየ6 ወሩ አንድ ጊዜ የሚበቃው ስለዚህ ነው፤ እናትም የልጁን የጤና ካርድ ይዛ መሄዷ የተሰጠው ታውቆ እንዳይደገም ይረዳል።

ከሁሉ አስፈሪው ግን ለልጁ ያልታሰበው ነው። ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ጣቢያ የምትቀበለው የብረት እንክብል ለሕፃን ዐይን ከረሜላ ይመስላል፤ ጥቂቱም ቢሆን ለትንሽ ልጅ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የዋጠ ልጅ አስመልሶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የዳነ መስሎ ሊታይ፣ ከዚያም በድንገት ሊወድቅ ይችላልና፣ ደኅና መስሏል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የእንክብሉን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። እንክብሉንም ከዛሬ ጀምሮ ልጅ በማይደርስበት ቁም ሣጥን ቆልፉበት።