ሐረግ ብቻውን አይቆምም

«ሐረግ» ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። አጥር ላይ የሚጠመጠመው ተክል ሐረግ ነው፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያልሆነው የቃላት ጥምረትም ሐረግ ይባላል። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተረፉልን የብራና መጻሕፍት አናት ላይ በቀለም የተጠላለፈው ጌጥ ስሙ ሐረግ ነው። የትውልድ ቆጠራችንንም «የዘር ሐረግ» እንለዋለን።

ሙግቴ ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ነው። የዘር ሐረግ ዛሬ በአብዛኛው የሚጠራው «እኔ ከእገሌ እለያለሁ» ለማለት ነው። ቃሉን ያወጡልን አበው ግን ተክሉን አሳምረው ያውቁት ነበር። ሐረግ ራሱን የሚያቆም ግንድ የለውም። ቻርልስ ዳርዊን በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ የተጠምጣሚ ተክል ጫፍ በአየር ላይ ቀስ ብሎ እየዞረ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም በዚያው ዙረቱ ይጠመጠምበታል። ካጣ መሬት ለመሬት ይሳባል።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ወደ አዳማ እንውረድ። የከተማዋ ስም «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል፣ ከቁልቋል እንደ መጣ ይነገራል። ቁልቋል ራሱን ችሎ የሚቆም ተክል ነው፤ አጥር ሲሆን ግን ሐረግ ይወጣበታል። አማርኛ «ሐረግ ሬሳ» የሚለውን የባህል መድኃኒት ኦሮምኛ «ሂዳ ሬፋ» ይለዋል፤ ትርጉሙ ቃል በቃል አንድ ነው። «ሂዳ» ሐረግም ሥርም ነው፤ ኦሮምኛም የትውልድ መስመርን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ማን ከማን ተዋሰ ብሎ መከራከር ይቻላል። ለእኔ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ተክል አይተው አንድ ነገር ማሰባቸው ይበቃኛል።

ከአዳማ ወደ ደቡብ፣ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት የሚገኘው ደብረ ጽዮንም ይህንኑ ይመሰክራል። ትውፊቱ እንደሚለው ከዮዲት የሸሹ የአክሱም ካህናት ታቦትና መጻሕፍት ይዘው የተጠጉት በዚያ ነው። የሰሜኑ ሐረግ በስምጥ ሸለቆ ውኃ መካከል ድጋፍ አገኘ ማለት ነው።

«ሐረግ እኮ ዛፍ ያንቃል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሚያንቅ አለ። ነገር ግን የተደገፈበትን ዛፍ አድርቆ የጣለ ሐረግ አብሮ ይወድቃል እንጂ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

እንግዲህ አያት ቅድመ አያት ስንቆጥር፣ ከማን እንደ ተወለድን ከጠየቅን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ እነዚያ ሁሉ ትውልዶች የቆሙት ማንን ተደግፈው ነው?