ስለ «ወረቀት አርክቴክት» ለተነገረው መልስ

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛችን ለፈተና ያቀረበው ንድፍ ሳይመረመር ተመለሰለት። ንድፉ ከፈረሱ ቤቶች የተነቀሉ በሮች ዙሪያውን የሚቆሙበት አንድ አዳራሽ ነበር። ለምን እንደ ተመለሰ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ይህ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ አንተም የወረቀት አርክቴክት ነህ» ተባለ። ነገሩ በምግብ አዳራሽ ሲወራ ሰንብቶ ከመካከላችን ብዙዎቹ ለመምህሩ ፈረዱ። «ሕዝብ ቤት አጥቶ ሳለ የማይሠራ ነገር መሣል ቅንጦት ነው» የሚለው አሳብ ከሁሉ ገኖ ተሰማ። እኛ ግን አንስማማም። ያልተስማማንበትንም ምክንያት በአንድ ሰው ታሪክ እናስረዳለን፤ ይህን የስድብ ቃል ተሸክሞ የኖረ፣ ኋላም ያኰራው ሰው አለና።

በመጀመሪያ ቃሉ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። በሶቭየት ኅብረት ብዙ ዘመን ሲሰደቡበት ኖረዋል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ታትሊን በ1919 እና በ1920 የነደፈው፣ 400 ሜትር ይረዝማል የተባለው ግንብ አንድ ምሰሶ እንኳ ሳይቆምለት ቀረ። ኢቫን ሌኦኒዶቭ ገና ተማሪ ሳለ በ1927 ለመመረቂያው ባቀረበው የሌኒን ተቋም ንድፍ የሙያ ባልደረቦቹን አስደነቀ፤ ዛሬ ተገንብቶ ስሙ የሚጠራበት ሥራ ግን በኪስሎቮድስክ ከተማ የሚገኝ አንድ የደረጃ መውጫ ነው። ሰውዬው ሰነፍ ስለ ነበረ ነውን?

አሌክሳንደር ብሮድስኪ በሞስኮ በ1955 ተወለደ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የሶቭየት ፓርቲና መንግሥት በንድፍና በግንባታ ረገድ ከመጠን ያለፈውን ሁሉ የሚያስወግድ ውሳኔ አወጡ። ጌጡና ዓምዱ ተወገዘ፤ ቤትም እንደ ጫማ በፋብሪካ የሚመረት፣ በመኪና ተጭኖ መጥቶ የሚገጣጠም የኮንክሪት ግድግዳ ሆነ። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቻችን የሚናገሩት አላቸው፤ እኛም አንክድም። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ማድ ቤትና በአንድ መጸዳጃ ተፋፍጎ ከሚኖርበት ከ«ኮሙናልካ» ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ በሩን የቈለፈው ሰው በብዙ ሚሊዮን ይቈጠራል። ይህን የሚንቅ ሰው የራሱ በር ጎድሎበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዳሩ ግን ያ ውሳኔ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረገ። ለሰው ቤት ሰጠ፤ «ይህ ቤት ለማን ነው? በማን ቤት ፍራሽ ላይ ነው የሚቆመው?» ብሎ የሚጠይቀውን ባለሙያ ግን ከሥራው ቦታ አስወጣው። የቀረለት ሥራ ከካታሎግ መምረጥ ሆነ።

ብሮድስኪ ከሞስኮ የአርክቴክቸር ተቋም በ1978 ሲመረቅ የጠበቀው ይኸው ካታሎግ ነበር። እሱና የትምህርት ጓደኛው ኢልያ ኡትኪን ሌላ መንገድ ያዙ። የብረት ሰሌዳ በሰም ቀብተው፣ በመርፌ ጭረው፣ ጭረቱን በአሲድ አስበልተው፣ ቀለም ሞልተው በወረቀት ላይ ያትሙ ጀመር። (ይህን ገጽ ለማባዛት በሰም ወረቀት ላይ ስንጭር ያመሸን ሰዎች ሥራው ምን ያህል ወገብ እንደሚቈርጥ እናውቃለን፤ የእነሱ ደግሞ አንዱ ሰሌዳ ሙሉ ከተማ የሚይዝ ነው።) የጃፓን የአርክቴክቸር ውድድሮች የሚጠይቁት ወረቀት ብቻ ስለ ነበረ ሥራቸውን ወደዚያ ላኩ። በ1982 «የመስተዋት ቤተ መንግሥት» የተባለው ንድፋቸው የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ። ከሩቅ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ቤተ መንግሥት ነው፤ ቀርበው ሲያልፉበት ግን በአሸዋ ላይ የተተከሉ የመስተዋት ሰሌዳዎች ብቻ ናቸው። ተስፋ ሲሰጠው የኖረ ትውልድ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በ1984 ዩሪ አቫኩሞቭ የእነዚህን ወጣቶች ሥራ ሰብስቦ በሞስኮ በ«ዩኖስት» መጽሔት ቤት ሲያሳይ ለትርኢቱ ያወጣለት ስም «የወረቀት አርክቴክቸር» የሚል ነው። ስድቡን ከተሳዳቢው እጅ ነጥቀው ሰንደቅ ዓላማ አደረጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሥዕሎቻቸው አንዱ እንደ አስከሬን አመድ ማኖሪያ የተሠራ ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥን ያሳያል። በውስጡ በመደርደሪያ ላይ እንደ ዕቃ የተደረደሩት ከከተማው እንዲፈርሱ የተፈረደባቸው አሮጌ ቤቶች ናቸው። የመደርደሪያው ሕግ እንዲህ ነው፦ ባለቤቶቹ በቤታቸው ውስጥ መኖራቸውን እስከ ቀጠሉ ድረስ ቤቱ ይቆያል። በዚያ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በላይና በታች ተደርድሮ፣ መኖር አንችልም ብለው የወጡ እንደ ሆነ ግን በመካከሉ የተንጠለጠለው የብረት እንክብል ቤቱን ያፈርሰዋል፤ ቦታውም ሌላ ቤት ይጠብቃል። እንግዲህ ፍረዱ! ይህ ቅንጦት ነውን? ቤት ማለት ግድግዳ ነው ወይስ ኑሮ? መንገዱ፣ ጎረቤቱ፣ ደጃፉ ከተወሰደበት በኋላ «ቤትህን አልነካንብህም» የተባለ ሰው ምን ቀረለት? ይህን ጥያቄ በሩብል የሚያሰላ የግንባታ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ጥያቄው የሚገኝበት ቦታ ወረቀት ብቻ ነበረ። ወረቀቱ ከሥራ መሸሻ ሳይሆን ሥራው የተሰደደበት አገር ነበረ እንላለን።

«ታዲያ ነፃነት ሲመጣ ምን ሠራ? ሥዕሉን በኒውዮርክ ሸጠ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ሥዕሎቹ በኒውዮርክ ታይተዋል፤ እሱም በዚያ ከተማ ጥቂት ዓመት ተቀምጧል። በ1996 በካናል ጎዳና ሥር ባቡር የማይቆምበትን አሮጌ የባቡር ጣቢያ ውኃ ሞልቶ የቬኒስ ጀልባዎች አቆመበት፤ የጎዳናው ስም «ቦይ» ማለት መሆኑን ለከተማው ሰው አስታወሰው። ቀልድ ነው ቢባል አንጣላም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ «ተግባራዊ» የተባሉት ሰዎች በሞስኮ ምን ይሠሩ ነበር? የቮየንቶርግን ታላቅ ሕንፃ በ2003 አፈረሱ። በ2004 ደግሞ የሞስኮ ሆቴልን አፍርሰው በምትኩ የእሱኑ አምሳያ ገነቡ። ቆሞ የነበረውን ቤት ንዶ ምስሉን ማቆም! የመስተዋቱን ቤተ መንግሥት በሲሚንቶ የሠሩት እነዚህ ናቸው እንጂ ብሮድስኪ አይደለም።

እሱ በ2000 ወደ ሞስኮ ተመልሶ የራሱን ቢሮ ከፈተ። በዚያው ዓመት ካልተተኰሰ ጭቃ አንድ ትንሽ ከተማ ሠርቶ በጠረጴዛ ላይ አጋደመና፣ ለበሽተኛ እንደሚንጠለጠለው ግሉኮስ ባለ ቱቦ ጥቁር ዘይት እያንጠባጠበ ቀስ በቀስ እንዲሰጥም አደረገው። የዘይት ገንዘብ አገሪቱን እንዴት እንደሚያክም ገና ሳይታይ ነው ይህን ያሳየው። ከዚህ በኋላ ግንባታ ጀመረ። በክልያዝማ ግድብ ውኃ ላይ ምሰሶዎቹ ሆን ተብለው በ95 ዲግሪ ያዘመሙ የእንጨት ምግብ ቤት ሠራ። እዚያው አካባቢ ከአንድ አሮጌ ፋብሪካ የተነቀሉ የመስኮት መቃኖችን ከነመስተዋታቸው ሰብስቦ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ቮድካ የሚጠጡባት አንዲት ትንሽ ቤት አቆመ። ሌላው ወደ ቆሻሻ የጣለውን ነው የሚያነሣው። በዚያ ሁሉ የወረቀት ዘመን ዐይኑ የሠለጠነው ለዚህ ነው፤ የሚፈርስን ነገር ማየት ተምሯል። በ2006 በቬኒስ የአርክቴክቸር ትርኢት አገሩን ወክሎ የቀረበው እሱ ሆነ።

በ2009 ደግሞ በካሉጋ አውራጃ በኒኮላ ሌኒቬትስ መንደር በሜዳ መካከል አንድ ክብ ቤት ሠራ። ዙሪያውን የቆሙት አሮጌ በሮች ናቸው። ጓደኛችን ይህን ሕንፃ አያውቀውም ነበር፤ «የሚሠራ ነገር አይደለም» ያሉትም መምህር እንዲሁ። ክብ ቤቱ ግን ተሠርቶ፣ በረዶም ወርዶበት ታይቷል።

ለገዛ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ብሮድስኪን ያነሣነው እንዲመለክ አይደለም። ከሠራቸው ብዙዎቹ ለመዝናኛ ቦታና ገንዘብ ላለው ሰው የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች ናቸው፤ የኮንክሪት ፎቅ የሚጠብቀው ሠራተኛ ከእነሱ ጣሪያ አላገኘም። ስለዚህ ያማረ ሥዕል ሥሎ «ዓለም አልተረዳኝም» እያለ የሚተኛ ተማሪ በስሙ አይማል። እነ ብሮድስኪ በብረት ላይ የጫሩት መንገዱ ሁሉ ስለ ተዘጋባቸው ነው፤ ያም ሆኖ አንዱን መስመር ሳይለኩ አልጫሩም። የጓደኛችን ንድፍም ስሕተት ሊኖርበት ይችላል። የበሮቹ ክብደት በምን እንደሚያዝ በደንብ አላሳየም፤ ይህን እሱም ያምናል። ጥያቄያችን ከፍተኛ ማርክ ይሰጠው አይደለም፤ ይመርመር ነው። «አይሠራም» ማለት ስሌት ከተሠራ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ እንጂ ወረቀቱ ሳይዘረጋ የሚወረወር ቃል አይደለም።

ንድፉ አሁን ተጠቅልሎ በአልጋው ሥር ነው። በመጻሕፍት ቤቱ መተላለፊያ እስከ ዓርብ እንዲሰቀል ማኅበሩን ጠይቀናል። የሚቃወመን ሁሉ፣ መምህርም ተማሪም፣ እርሳስ ይዞ ይምጣና በዚያው ፊት ቆመን እናስላው።