የሐይቅን ውሃ በንጽሕና ስለ መጠበቅ

ውሃ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ስጦታውን በንጽሕና መጠበቅ ግን የሰው ፈንታ ነው።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. የቴምዝ ወንዝ በሎንዶን ከተማ እድፍ ተበክሎ፣ ሽታው የምክር ቤቱን አባሎች እስኪያስጨንቅ ድረስ በረታ። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣና በመሐንዲሱ በባዛልጌት መሪነት የከተማውን ፍሳሽ ወደ ታች አርቆ የሚወስድ ታላቅ ቦይ በምድር ውስጥ ተሠራ።

ቴምዝ ወደ ባሕር ስለሚፈስ የተቀበለውን ያሳልፋል። በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል አጠገብ ያለው ሐይቅ ግን ከአርዲቦ የሚወርደው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከሐይቅ ከተማ በዝናብ ታጥቦ የወረደው እድፍ እዚያው ይከማቻል፤ ውሃው ይደፈርሳል፤ ዓሣውም ይጐዳል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለውም በዚሁ ውሃ ዳር ነው።

እንግዲህ ሹማምንቱ የከተማው ቦይ ወደ ሐይቁ እንዳይከፈት፣ የመጸዳጃ ጕድጓድም ከዳርቻው ርቆ እንዲቈፈር፣ ከጕድጓዱ የሚቀዳውም ፍሳሽ በተለየ ስፍራ ተጣርቶ እንዲወገድ ሊያዝዙ ይገባል። ካህናትም ይህንኑ ለሕዝቡ እንዲያስተምሩ እንለምናለን።