አይጥ እንዳይበላ ዳዋ ይመታ

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የምንለው ሌላው ባጠፋ ያለ በደሉ ለሚቀጣ ሰው ነው። ተረቱ ለሸንጎ ይሆናል፤ ለማሳ ግን አይሆንም። ማሳ ላይ ዳዋው ራሱ ተባባሪ ነው። በድንበርና በቦይ ዳር፣ በአጥር ሥር፣ በእርከን ላይ ሳይታጨድ የከረመው አረምና ቁጥቋጦ የአይጥ መኖሪያም መሸሸጊያም ነው። ስለዚህ ገበሬ ወገኖቼ፣ ጓሯችሁን የምታለሙ እናቶች፣ በከተማም አትክልት የምትተክሉ ሁሉ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ አብረን ዳዋ እንምታ ብዬ እጠራችኋለሁ።

«አብረን» ያልኩት ለወግ አይደለም። አይጥ የማሳ ድንበር አታውቅም። አንድ ትጉህ ሰው መሬቱን አጽድቶ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ወጥመድ ዘርግቶ ቢፈጃት፣ ባዶ የቀረውን ጉድጓድ የጎረቤት አይጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትወርሰዋለች። ሰውየውም «ደክሜ ምን አተረፍኩ?» ብሎ በዓመቱ ይተወዋል። አልተሳሳተም፤ ብቻውን የሚያተርፈው ነገር የለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎጡ በሙሉ ሲነሣ ግን የምትሸሽበትም፣ ተመልሳ የምትመጣበትም ማሳ ይጠፋል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ወቅቱ ነው። ብዙዎቻችን አይጥን የምናስታውሳት እሸቱ ሲቆረጠም ወይም ክምሩ ሲቦረቦር ነው። ያን ጊዜ ዘግይተናል። በአፍሪካ ማሳዎች በጥፋቷ የታወቀችው አይጥ ከሌሎቹ ይልቅ ጡቷ የበዛ ስለሆነ ሳይንስም «ባለ ብዙ ጡት» እያለ ይጠራታል። ሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ግልገሎቿም ጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። የምትረባው ዝናብ ተከትላ፣ ሣርና ዘር ሲገኝላት ነው። በግንቦት የተገደለች አንዲት እናት አይጥ በጥቅምት መንጋ ከማሳደድ ታድናለች ማለት ነው። በበጋው መጨረሻ ቁጥሯ አነስተኛ ነው፣ ተርባለች፣ ወጥመድ ላይ ያስቀመጥነውን ማጥመጃ አትንቅም። አዝመራው ሲደርስ ግን ማሳው ሁሉ ማዕድ ሆኖላት የእኛን ቁራሽ ዞር ብላም አታየው። በልግ የሚዘራበት አገር ቀኑን ወደ ጥር ያምጣው።

ጉዳቱን አቅልሎ የሚያይ ካለ ወደ ዝዋይ ይመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተመራማሪ ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለና ባልደረቦቻቸው በዚያ አካባቢ የበቆሎ ማሳዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አይጥ ያጠፋችው ከምርቱ ሩብ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከአራት ኩንታል አንዱ ማለት ነው። ይህን ያህል በግብር ብንጠየቅ እሪ እንል ነበር።

በትግራይ ደግሞ ተመራማሪዎች የድንጋይ እርከን በተቀራረበበት ማሳ አይጥ እንደሚበዛ አይተዋል። በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ደህና ቤት ይሆናታል። ከዚህ ተነሥቶ «እርከኑን እናፍርስ» የሚል ሰው ከተገኘ አትስሙት፤ አፈሩን ጎርፍ ከወሰደው በኋላ የሚበላ እህልም አይኖር። መደረግ ያለበት ክፍተቱን በጠጠርና በአፈር መድፈን፣ በእርከኑ ላይ የበቀለውን ማጨድ፣ አዲስ ሲሠራም ርቀቱን ከግብርና ባለሙያው ጋር መምከር ነው።

ጓሮ ውስጥ እንሰቱንና ድንቹን ከሥር የሚቆርጠው ፍልፈል ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ከመሬት በታች ብቻውን የሚኖር ስለሆነ ዳዋ መምታት አያስደነግጠውም። መሄጃው ሲከፈትበት ግን ሊደፍን ይመጣል፤ አባቶቻችን በከፈቱት ቦታ ላይ ወጥመድ የሚያኖሩት ለዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ስለ መርዝ ልናገር። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ግራጫ ዱቄት ሆድ ውስጥ ሲገባ ወደ ገዳይ ጋዝ ይለወጣል፤ ሰው ቢወስደው ማርከሻ የለውም። በጉሊት በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው የሕፃን ሞት ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ጥቂት ቀምሳ የተረፈች አይጥ ያንን ምግብ ዳግመኛ አትነካም፤ ያለ ዕቅድ የተበተነ መርዝ ትርፉ አይጥን ማስተማር ነው። የግድ ካስፈለገ ልማት ሠራተኛው ባለበት፣ ልጅና ከብት በማይደርሱበት፣ ጎጡ በሙሉ በአንድ ቀን ይጠቀም። የሞተውም በባዶ እጅ ሳይነካ ተሰብስቦ በጥልቅ ይቀበር። ውሻና ድመት፣ ጭልፊትና ጉጉት የተመረዘውን በልተው ካለቁ በዓመቱ ለአይጥ መንገዱን የጠረግንላት እኛው ነን።

ጉጉትን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልበል፣ ቅር የሚለው ሰው ቢኖርም። ማታ ስትጮህ ሟርት ነው እያልን በድንጋይ የምናባርራት ይህች ወፍ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስታድንልን የምታድር ናት። ጫጩት የያዙ ጥንድ ጉጉቶች በዓመት የሚበሉት አይጥ በሺህ የሚቆጠር ነው። በእስራኤል የቤት ሸአን ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን የወረረውን የሜዳ አይጥ በመርዝ ብቻ መግታት አልሆን ሲላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ስዴ ኤልያሁ በተባለው የኅብረት እርሻ መንደር (ኪቡዝ) ለጉጉት የእንጨት ሣጥን ጎጆ መስቀል ጀመሩ። ሥራው አገር አቀፍ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ዮርዳኖስም ገባችበት። በዮርዳኖስ ያሉ ገበሬዎችም እንደኛው ጉጉትን በክፉ ገድ የሚያዩ ነበሩ፤ ጥቅሟን አይተው ግን ጎጆ ሰቀሉላት። እኛ ሣጥን መሥራቱ ቢከብደን እንኳ በአሮጌ ዛፍ ጉድጓድና በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ያለችውን አለመንካት ወጪ የለውም። ካህናትና ሼሆች ይህን ቢናገሩ ከማንኛችንም በላይ ይሰማሉ።

የጎተራው ነገር የታወቀ ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ እግሮቹ ቆርቆሮ ይልበሱ፣ ጭድ አጠገቡ አይከመር። ክምሩ አውድማ ላይ በከረመ ቁጥር የምንቀልበው አይጥን ነው። በከተማ ያላችሁም የዶሮ መኖውን ሌሊት ክደኑ፣ ቆሻሻውን ከአትክልቱ አጠገብ አታሳድሩ።

ጥሪዬ ይህ ነው። ለአጨዳ ደቦ የሚወጣ፣ ለቤት ሥራ ወንፈል የሚገባ ሕዝብ ለአይጥ አንድ ሳምንት አያጣም። ሽማግሌዎች ቀኑን ይቁረጡ፤ ቀበሌው ያውጅ፤ ወጣቱ ገጀራና ዶማ፣ ልጆች ውሻቸውን ይዘው ይውጡ። ባለቤቱ ሩቅ አገር ያለ ወይም አቅመ ደካማ የሆነ ሰው መሬት እንዳይዘለል፤ የአይጥ መሸሸጊያ የሚሆነው እሱ ነውና ከሁሉ በፊት ይጽዳ። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ሌላ ሰው እስኪያነሣው አትጠብቁ፤ ተነሡና ቀኑን አስቆርጡ።