የመኪናውን እግር ሳትጠግኑ ቁመቱን አትቁረጡ

ዛሬ ላወራችሁ የተነሣሁት ስለ መኪና እግር ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ወገን ካለ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ስፕሪንግፊልድ ይምጣና በአፓርታማዎቻችን የመኪና ማቆሚያ ይዘዋወር። የልጆቻችን አሮጌ ቢ ኤም ደብልዩና ኒሳን ማክሲማ ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል፤ ቸርኬው ያብረቀርቃል፤ ትንሽ ጉብታ ላይ ሲወጣ ግን እንደ አሮጌ አልጋ ይንቋቋል።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ከዚያ በፊት አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነበርሁ። በሁለቱም ሙያዬ የማልታገሠው ነገር ቢኖር ስፕሪንግን በመጋዝ መቁረጥ ነው።

ነገሩ ከቤቴ ጀመረ። የእህቴ ልጅ የ1998 ሞዴል ቢ ኤም ደብልዩ 328 ገዛ። «ጋሼ፣ እስቲ ከሥሩ እይልኝ» ቢለኝ፣ «ይህን ቆርቆሮ ጣለውና አዲስ በብድር ግዛ» ብዬ አሳፍሬ መለስሁት። ልጁም እኔን ትቶ ወደ ጓደኞቹ ሄደ፤ እነርሱም ስፕሪንጉን ቆረጡለት። አንድ ማታ ታናሽ እህቱን ይዞ፣ 95፣ 395 እና 495 ቁጥር መንገዶች በሚጋጠሙበት «ሚክሲንግ ቦል» ላይ ሲጠመዘዝ የድልድይ መጋጠሚያ መታ። መኪናው ዘሎ ወደ ጎን መስመር ገባ። መስመሩ ባዶ ባይሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ልብ አይኖረኝም ነበር።

መኪናውን በክሪክ አንሥቼ ከሥሩ የገባሁት ያን ጊዜ ነው። የፊት እግሮቹን የሚይዙት ላስቲኮች ተሰነጣጥቀዋል፤ ቦልጆይንቱ ይወዛወዛል፤ አንደኛው ሾክ ዘይቱን ተፍቶ ጨርሷል፤ የኋላ ሾክ የሚታሰርበት መያዣ ተቀድዷል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሠራ ላስቲክ ይህ ቢደርስበት አይገርምም። የሚገርመው ይህ ሁሉ እያለ ገንዘቡ ለቸርኬ መዋሉ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አሁን ትንሽ ጠመኔ ልያዝ። ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት ስፕሪንግ የሚጨመቀው በተጫነበት ኃይል ልክ ነው። የሚሠራ ስድስት ዙር ካለው አንዱን ብትቆርጡ የቀሩት አምስቱ 20 በመቶ ያህል ይጠነክራሉ። በአንጻሩ መኪናው ዝቅ ስላለ እግሩ ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት ያጥራል። ሾኩም የተለካው ለቀድሞው ስፕሪንግ ነው፤ ሥራው የስፕሪንጉን ንዝረት ወደ ሙቀት ለውጦ ማብረድ ነውና፣ ዘይቱ ካለቀ ጎማው አስፋልቱን እየለቀቀ ይዘላል። አስፋልቱን የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም።

«መኪናው የስፖርት ነው፣ ዝቅ ማለት አለበት» ለሚሉኝ ወጣቶች መልስ አለኝ። በ1997 እና በ1998 ሞዴል ኤም 3 ባለ አራት በር ሆኖ እዚህ አገር ተሽጧል። ፋብሪካው ያን መኪና ሲያዘጋጅ ስፕሪንጉን፣ ሾኩን፣ ጎማውንና ፍሬኑን አንድ ላይ አስማምቶ ነው። ማሻሻል የምትፈልጉ እንዲሁ አድርጉ። ቢልሽታይን እንኳ ለፋብሪካው ቁመት ቢ 6፣ ዝቅ ላለ መኪና ቢ 8 እያለ ለይቶ የሚሠራው ነገሩ ስለሚለያይ ነው።

አገር ቤትም ያየነው ይህንኑ ነው። የአዲስ አበባን ሰው ስንት ዘመን የተሸከመችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ዘሯ ጣሊያናዊው ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ሲወስዷት መንገዳቸውን አይተው ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ እግሯንም አጠነከሩት። መንገድን አይቶ እግርን ማዘጋጀት ይሏል ይህ ነው። የእኛ ልጆች የሚያዩት መንገዱን ሳይሆን ፎቶግራፉን ነው።

እንደ እኔ «ጣለው» ለምትሉ ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። የስድስትና የሰባት ዓመት የመኪና ዕዳ ለጀማሪ ልጅ ቀንበር ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ግብር ታስከፍላለች፤ አሮጌው በዚህ ይሻላል። የታችኛው አካል በዝገት ከተበላ በእውነት ይጣል። አካሉ ደኅና ከሆነ ግን እግሩን ማደስ ከብድሩ ያንሳል።

እኔና ልጁ ያደረግነው ቅደም ተከተል ይኸው። በመጀመሪያ ላስቲኮቹና ቦልጆይንቶቹ፣ ቀጥሎ የሾክ መያዣዎቹ፣ ከዚያ ሾክና ስፕሪንግ በሁለቱም ወገን በጥንድ፣ በመጨረሻ አላይመንት። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ የላስቲኮቹ ብሎን ተጠብቆ የሚያልቀው መኪናው በራሱ ክብደት በጎማው ቆሞ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይኖርና ፈጥኖ ይቀደዳል። ስፕሪንግ ከሾኩ ላይ ማውጣቱን ግን ለባለሙያ ስጡ፤ በእጥፍ የተጨመቀ ስፕሪንግ የሚይዘው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ ሲያመልጥ ፊት ይሰብራል።

«ኢንስፔክሽን አልፏል» ብላችሁም አትዘናጉ። ቨርጂኒያ በዓመት አንድ ጊዜ ትመረምራለች፤ ሜሪላንድ በአብዛኛው አሮጌ መኪና ባለቤት ሲለውጥ ነው፤ ዲሲ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራውን በ2009 ትታዋለች። መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት የተቀደደ ላስቲክ አይሰፋም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ «ከሥሩ እዩልኝ» ሲላችሁ አሮጌ ልብሳችሁን ልበሱና ግቡ፤ ባታውቁበት እንኳ መብራት ያዙለት። ወጣቶችም፣ መጋዙን አስቀምጡት። የእህቴ ልጅ መኪና ዛሬ በፋብሪካው ቁመት ቆማለች፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል። እህቱ ግን ከኋላ ተቀምጣ እንቅልፍ ይወስዳታል።