መታወቂያ ጠፋ ተብሎ እንጀራ ይታገዳል ወይ?

የዚህ አገር ሰው ከካርድ ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ የኅብረት ሱቅ ካርዱን አይረሳትም። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ጤፉም በእሷ ነበር የሚገኘው። ቀበሌን ያመጣብን አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣው ስለ ከተማ ቦታና ስለ ትርፍ ቤት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ያው ቀበሌ መታወቂያ ሰጪም፣ ስኳር አዳይም፣ ስብሰባ ጠሪም ሆኖ አረፈው። ሦስቱ ሥልጣን በአንድ ሊቀመንበር እጅ ሲገባ ምን እንደተከተለ ያየ ያውቀዋል። ከስብሰባ የቀረ ሰው ስለ ስኳሩ መስጋት ነበረበት። «ማን ነህ?» እና «ምን ትበላለህ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ፣ ወረቀቱን የሚሰጠውና የሚነሳው ሰው ጌታ ይሆናል።

ይህን ያነሳሁት ለትዝታ ብዬ አይደለም። ያው ነገር ዛሬ በየዩኒቨርስቲው ግቢ፣ በልጆቻችን ላይ፣ በለሰለሰ ፕላስቲክ ተለብጦ ስለማየው ነው።

ልጅ ዩኒቨርስቲ የላካችሁ ወላጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ተማሪው ግቢ ሲገባ መታወቂያ ይሰጠዋል። የግቢውን ምግብ የሚበላ ከሆነ ደግሞ የምግብ ካርድ ይጨመርለታል፤ እነሱ «ሚል ካርድ» ይሉታል። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያውን ያያል። ካፌው በር ላይ ደግሞ «ቲከር» የሚሏት ሠራተኛ ካርዱን አይታ ቁጥሩን ትመታለች። አንዳንዱ ግቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ በማሽን የሚነበብ ካርድ አውጥቷል። ቤተ መጻሕፍት በእሱ፣ ዶርም በእሱ፣ ምሳ በእሱ። ሥልጣኔ ነው፤ አልቃወምም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ካጸደቀ ወዲህ ማሽን ያልገባበት ቢሮ እንደ ኋላ ቀር መታየት ጀምሯል።

ደንብ መኖሩንም አልጠላም። ካርድህን ለሌላ አታውስ፣ ሲጠፋብህ ወዲያው አመልክት፣ ግቢውን ስትለቅ በክሊራንስ መልስ የሚሉት ሁሉ ተገቢ ናቸው። ካርዱን ለውጭ ሰው የሚያውስ ተማሪ የሚሰርቀው ከዩኒቨርስቲው አይደለም፤ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆሞ «ወጥ አልቋል» ከሚባለው ጓደኛው ነው። እስከዚህ ድረስ ከአስተዳደሩ ጋር አንጣላም።

ጠቡ የሚመጣው ካርዱ ሲጠፋ ነው።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ግቢ የሚማረው የእህቴ ልጅ ዓርብ ማታ ቦርሳውን ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። መታወቂያውም የምግብ ካርዱም አብረው ሄዱ። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ሲሄድ «የፖሊስ ማስረጃ አምጣ» ተባለ። ፖሊስ ጣቢያው ያለው ከግቢ ውጭ ነው። ሲወጣ የጠየቀው የለም። ማስረጃውን ይዞ ሲመለስ ግን ጥበቃው «መታወቂያ!» አለው። «ጠፍቶብኝ ማስረጃ ላመጣ ነው የወጣሁት» ቢል «ያለ መታወቂያ አይገባም፤ ደንብ ነው።» መታወቂያ ለማውጣት መግባት አለበት፤ ለመግባት መታወቂያ ያስፈልገዋል! አንድ ደግ አስተማሪ በመኪናቸው ባያሳልፉት ኖሮ እዚያው ሲሟገት ይመሽ ነበር። አዲሱ ካርድ የተሰጠው ሐሙስ ነው። እስከዚያው ካፌው ዘግቶበታል። ጓደኞቹ ዳቦ በኪሳቸው ይዘውለት ሲወጡ ደግሞ «ምግብ ከካፌ ማውጣት ክልክል ነው» ተብለው ተያዙ።

እኔም አጎት ነኝና ስልክ ደወልኩ። አንድ የሥራ ኃላፊ በጨዋነት አነጋገሩኝ። «ደንብ ነው፣ ጋሼ» አሉኝ። ደንቡን ላየው እችላለሁ ወይ ብላቸው «የውስጥ መመሪያ ነው» አሉ። የውስጥ! ሆድስ የውስጥ አይደለም እንዴ?

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ለመሆኑ ያ የታገደው ምግብ የማን ነው?

ብዙ ሰው፣ ተማሪዎቹም ጭምር፣ የመንግሥት ችሮታ ይመስላቸዋል። አይደለም። ችሮታ የነበረበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ ወዲህ ተማሪው ውል ይፈርማል። በውሉ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ራሱ ይሸከማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ኦሪጂናል ዲግሪውን ሊወስድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወጪ መጋራቱን ጨርሰሃል ወይ?» ተብሎ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚበላው በዱቤ የገዛውን የገዛ ራሱን ምሳ ነው። ዱቤ መዝጋቢው ደግሞ አንድ ሳንቲም አይረሳም!

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። 100 ብር አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ጊዜ ምግብ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም፤ ገበያ ትወጣላችሁ። ለጊዜው ሒሳቡን ብቻ እንያዝ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ቀን ካፌ የተዘጋበት ልጅ የ400 ብር ምግብ አልበላም። ይህ 400 ብር ከዕዳው ላይ ይቀነስለታል? ሲቀነስለት ያየሁት ተማሪ የለም። ባለሱቅ እንዲህ ቢያደርግ፣ ማለትም ዕቃውን ሳይሰጥ ዱቤውን ቢጽፍ፣ ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ። ዩኒቨርስቲ ሲያደርገው ግን «ደንብ» ይባላል።

አስተዳደሮቹ መልስ አላቸው፤ በታማኝነት ልጥቀሰው። «ካርድ ያልያዘውን ሁሉ ካበላን ግቢው የውጭ ሰው መመገቢያ ይሆናል» ይላሉ። ሥጋቱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን የተሰረቀውን ልጅ ማስራብ አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሉታል አባቶች። የልጁ ፎቶ፣ ስሙና ቁጥሩ ሬጅስትራር ዘንድ አለ። የተመጋቢዎች ዝርዝር ካፌው ዘንድ አለ። በማሽን የሚሠራ ግቢ ከሆነማ የጠፋውን ካርድ ቁጥር መዝጋት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሌባው ቢያቀርበው ማሽኑ አይቀበለውም። ፎቶና ማኅተም ያለበት፣ ለሳምንት የሚያገለግል ጊዜያዊ ወረቀት መስጠት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ነገሩን በባንክ እንየው። የቁጠባ ደብተርህ ቢጠፋ ባንኩ «ገንዘብህም አብሮ ጠፋ» አይልህም። ማንነትህን አጣርቶ ሌላ ደብተር ይሰጥሃል። ገንዘቡ ያለው መዝገቡ ላይ ነው እንጂ ደብተሩ ላይ አይደለምና። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያም፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው፣ በመሠረቱ ቁጥር ነው፤ የታተመው ካርድ ቢጠፋ ቁጥሩ አይጠፋም። መንግሥት ራሱ ይህን ከተረዳ ዩኒቨርስቲው ለምን አልተረዳም? የተማሪው መብት ያለው መዝገቡ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ምልክት ብቻ ነው።

ሰው አገር ስንሄድ ደግሞ የካርድና የገንዘብ ነገር ሕግ ተበጅቶለት እናገኘዋለን። አሜሪካኖች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ባወጡት ሕግ፣ የባንክ ካርዱ መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያመለከተ ሰው የሚጠየቀው ቢበዛ 50 ዶላር ነው፤ የቀረው የባንኩ ጣጣ ነው። የተማሪ ካርድ ከባንክ ጋር ሲጋባ የሚመጣውን ጉድም እነሱ ቀድመው አይተውታል። «ሃየር ዋን» የተባለ ኩባንያ ከኮሌጆች ጋር ተዋውሎ የተማሪዎችን ገንዘብ በካርድ ያድል ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የባንክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያለ አግባብ የተሰበሰበ የአገልግሎት ክፍያ አግኝቶበት፣ 60 ሺህ ገደማ ለሚሆኑ ተማሪዎች 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲመልስ አደረገው። ትምህርቱ ለእኛም ነው። ነገ ባንክ ወይም የስልክ ገንዘብ ድርጅት መጥቶ «የተማሪ ካርዳችሁን እኔ ላውጣላችሁ» ሲል፣ ክፍያውን ማን እንደሚቆርጥ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገናል።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ቲከሯ ካርዱን በእስክሪብቶ ስትመታ የምታውቀው ልጁ ምሳ መብላቱን ብቻ ነበር። ማሽኑ ግን ሁሉን ይጽፋል። ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ገባ፣ የትኛው ሕንፃ ሄደ፣ ከማን ቀጥሎ ገባ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ሲነሱ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን የሚል ነበር። ጋዜጣችንን እናዘጋጅ፣ ማኅበራችንን እናቋቁም የሚሉም ነበሩበት። በዚያ ሰሞን በከተማው ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ ማን ስብሰባ እንደገባ ለማወቅ ጆሮ ጠቢ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ጆሮ ጠቢው በሩ ላይ ተተክሏል፤ ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይተኛም፣ አይረሳም።

ሕግ የለም እንዳልል ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅና ለዚያው ዓላማ ብቻ እንዲያውለው ያስገድዳል። የእህቴ ልጅ ካርዱን ሲወስድ «የመግቢያና የመውጫ ሰዓትህን እንመዘግባለን፣ ይህን ያህል ጊዜ እናቆየዋለን፣ እገሌ ያየዋል» ያለው ሰው አልነበረም። ያስፈረሙት ካርዱ ቢጠፋ ስለሚከፍለው ቅጣት ብቻ ነው።

የደንቡ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስረው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ተማሪው ካጠፋ ቅጣቱ በብር ተጽፏል። ቢሮው ካዘገየ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ሁለቱን ወገን የማያስር ጽሑፍ ትእዛዝ እንጂ ውል አይባልም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ ካርድ የጠፋበት ተማሪ ባመለከተበት ቀን ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠው፤ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ተረኛ ሠራተኛ ይኑር። ሆድ ቅዳሜና እሑድ የለውም። ሁለተኛ፣ የግቢ መግቢያና የምግብ መብት ይለያዩ፤ በር ላይ ጥያቄ የተነሳበት ልጅ በዚያው ምሳውን አይከልከል። አጥፍቷል ከተባለ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፤ እንጀራ መንሳት ግን የቅጣት ዓይነት መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ በቢሮው መዘግየት ሳይበላ የቀረበት ቀን ከወጪ መጋራት ዕዳው ይቀነስ። አራተኛ፣ ማሽኑ ምን እንደሚመዘግብ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ይነገር። አምስተኛ፣ ደንቡ ራሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ተማሪ ያላየው ደንብ ተማሪን ሊቀጣ አይገባም።

አንዳንዱ አንባቢ «በዚህ ሁሉ የአገር ጣጣ መሃል የካፌ ካርድ ምን ቁም ነገር ሆነና?» ሊለኝ ይችላል። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል፣ ወንድሜ። በ18 ዓመቱ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ከትልቅ መሥሪያ ቤት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኘው ልጅ መንግሥት ምን እንደሆነ የሚማረው ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ከዚያች መስኮት ነው። መስኮቷ ላይ «ማመልከቻህ ገብቷል፣ እስከዚያ ብላ» ከተባለ፣ መብት የሚባል ነገር እንዳለ ያውቃል። «ደንብ ነው፣ ሐሙስ ና» ከተባለ ግን ሌላ ነገር ይማራል። ነገ ተመርቆ እሱ ራሱ መስኮቱ ኋላ ሲቀመጥ ያንኑ የተማረውን ነው የሚያስተምረን።

ስለዚህ ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ስትደውሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ። የፈረሙትን ውል ቅጂ አስልኩና አንብቡት። የዩኒቨርስቲ አስተዳዳሪዎች ደግሞ «የውስጥ» ያላችሁትን መመሪያ አውጡትና እንየው። ተሳስተሃል የሚለኝ ካለም በአንቀጽና በቁጥር ይምጣ፤ ለመማር ዝግጁ ነኝ። «ደንብ ነው» የሚለውን መልስ ግን በስልክ ሰምቼዋለሁና እባካችሁ አትድገሙልኝ።

ቸር ይግጠመን!